የፒክአፕ ከፍታ፦ ከመንካትዎ በፊት ይለኩት

ጅማ ውስጥ መኪና የሚጠግን ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ ሳምንት አያልፍለትም። አንዱ በቅርቡ የገዛውን ሃይሉክስ ይዞ ይመጣና «ጋሼ፣ ኋላው ተነሥቶ ፊቱ ያቀረቀረ ይመስላል፤ ፊቱን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ» ይላል። ሌላው ከጎማ ቡና ጭኖ ሲመለስ (ወረዳውን ማለቴ ነው) «ኋላው መሬት ሊስም ነው፤ አንድ ባሌስትራ ይጨምሩልኝ» ይላል። ሦስተኛው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እንደ ግንብ የቆመ የአሜሪካ ፒክአፕ ያሳየኛል፤ የእሱም እንዲሁ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ለሦስቱም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሜትር እናውጣ።

ይህ መመሪያ ኋላቸው በባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው በታሰሩ ጎባጣ ብረቶች፣ ላይ ለተቀመጡ ፒክአፖች ነው፤ ሃይሉክስ፣ ዲ-ማክስ፣ ኤል 200፣ ሬንጀርና ላንድክሩዘር 79 ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። መለካቱን ማንኛውም ባለመኪና በአንድ ጠዋት ሊሠራው ይችላል። ማስተካከሉ ግን ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል፤ ያኔም መመሪያው ቢያንስ መካኒኩ የሚሠራውን ቆመው ለማየትና ለመጠየቅ ይረዳዎታል።

ሜትር ከማንሣትዎ በፊት

ባዶ ፒክአፕ ኋላው ከፊቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ማለቱ ብልሽት አይደለም። የኋላው ባሌስትራ የተሠራው ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ጭነት እንዲሸከም ነው። ጭነቱ ሲወጣበት ይወርድና መኪናው ቀጥ ይላል። ባዶውን ቀጥ ያለ መኪና ከጫኑት ኋላው ይቀመጣል፤ ፊቱ ወደ ሰማይ ያያል፤ መሪው ይቀላል። ስለዚህ «ፊቱ አቀርቅሯል» ያሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ መኪናቸው ምንም አልሆነም።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ገንዘብ ያድናል። በሐምሌ ጭቃ ላይ ወደ ዴዶ ወይም ወደ ጌራ ሲሄዱ መሬቱን የሚያርሰው አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ዲፈረንሻል (በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ያለው የጥርስ ቤት) ነው። ዲፈረንሻሉ ያለው ግራና ቀኙን ጎማ በሚያገናኘው አክስል ላይ ነው፤ አክስሉን የተሸከሙት ደግሞ ጎማዎቹ ናቸው። ባሌስትራ ሲያስነሡ ከፍ የሚለው ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) እና ሳጥኑ ብቻ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ካለበት አንዲት ሚሊሜትር አይነሣም። እሱን ከፍ የሚያደርገው የጎማው ቁመት ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን በግማሹ። ለምሳሌ ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 ቢቀይሩ የጎማው ጠቅላላ ቁመት በ26 ሚሊሜትር ገደማ ይጨምራል፤ ዲፈረንሻሉ የሚነሣው ግን 13 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የፍጥነት መለኪያውም ከእውነተኛው በ3 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ያነባል።

በስልክ የሚያሳዩኝ የአሜሪካ ከባድ ፒክአፖች ደግሞ ከፍ ብለው የቆሙት በጌጥ ምክንያት አይደለም። የፎርድ ሱፐር ዱቲ ባለ አራት ጎማ መንጃና ራም 2500 ፊታቸው ላይ ድፍን አክስል አላቸው፤ ማለትም ግራና ቀኙ ጎማ በአንድ ወጥ አክስል ተያይዟል። ድፍን አክስል ጉድጓድ ሲመታ ከነዲፈረንሻሉ ወደ ሞተሩ ሥር ይወጣል፤ ስለዚህ ሞተሩና ሻንሲው ለዚያ የሚበቃ ባዶ ቦታ ትተው ከላይ መቀመጥ አለባቸው። ሲልቨራዶ 2500 ኤችዲ ድፍን አክስል የለውም፤ ፊቱ በሚጠመዘዝ ብረት ላይ ነው። ሦስቱም ከባድ ተጎታች እንዲስቡ የተሠሩ ስለሆኑ ሻንሲያቸው፣ ፍሬናቸውና ጎማቸው አብሮ ትልቅ ነው። ከዚያ ሁሉ ቁመቱን ብቻ ወስዶ ሃይሉክስ ላይ መለጠፍ አይቻልም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመለካት፦

- የ5 ሜትር ሜትር፣ ሚሊሜትሩ በግልጽ የሚነበብ
- ግንበኞች ውሃ ልክ ለማየት የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ነጭ የላስቲክ ቱቦ
- ቱንቢ፣ ወይም በክር የታሰረ ዳዶ
- ጠመኔ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ
- የጎማ ነፋስ መለኪያ
- ክብደቱ የታወቀ ጭነት (በሚዛን የወጣ ቡና፣ ሲሚንቶ፣ ማንኛውም ነገር)

ለማስተካከል፦

- ሁለት ክሪክ፤ አንዱ ለሻንሲው፣ ሌላው ለአክስሉ
- ሁለት ጠንካራ የብረት መደገፊያ
- ለጎማ ማገጃ የሚሆን ታኮ
- ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ
- የመፍቻ ስብስብና የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ መፍቻ
- የሽቦ ብሩሽና ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት
- ባሌስትራ የሚፈታ ከሆነ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩ አዲስ ባለ ዩ ቅርጽ ብሎኖች ከነዳዷቸው

ማስጠንቀቂያ

መኪናን በብሎኬት ላይ አይደግፉ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሲሰበር አስቀድሞ አይሰነጠቅም፣ አይጮህም፤ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ድንጋይም ይንሸራተታል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ጭንቅላትዎን አያስገቡ። ዝናብ በጠጣ ቀይ አፈር ላይ ደግሞ ከነጣውላውም ቢሆን አይሥሩ፤ አንዱ ጎን ቀስ እያለ ሲሰምጥ ከሥር ሆነው አያዩትም።

መለካት

1. ሜዳ ቦታ ይምረጡ። ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው የቀረውን ሁሉ በከንቱ ይለካል። የነዳጅ ማደያ ወለል ሜዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ውሃ እንዲወርድበት ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ያዘነብላል። የላስቲክ ቱቦውን አራቱ ጎማዎች በሚያርፉባቸው ቦታዎች እያዞሩ ይዩ። በግራና በቀኝ መካከል ከ5 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ካለ ቦታ ይቀይሩ። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንድ ደህና ባሌስትራ «ደክሟል» ብዬ አስቀይሬ ነበር። ከአዲሱ ባሌስትራ በኋላም ግራው ዝቅ እንዳለ ቀረ። ያዘነበለው ወለሉ ነበር።

2. የጎማውን ነፋስ ያስተካክሉ። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመመሪያ መጽሐፉ መሠረት፣ ጎማው ሳይግል ይሙሉ። ግራና ቀኙ ጎማ መጠኑ አንድ መሆኑን፣ ጥርሱም በተቀራራቢ ደረጃ ማለቁን ይዩ። አንድ አዲስና አንድ ያለቀ ጎማ በአንድ አክስል ላይ ካሉ የመኪናው መዝመም ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

3. መኪናውን ባዶ ያድርጉት። ከወንበር ኋላ የተረሳ ሰንሰለት፣ በሳጥኑ ውስጥ የቀረ የአሸዋ ክምር፣ ሁሉም ይውጣ። የነዳጁን መጠን ይጻፉ፤ 80 ሊትር ናፍጣ 67 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ጋኑ ደግሞ መሃል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲለኩም ነዳጁ በዚያው መጠን ይሁን።

4. መኪናውን ያረጋጉት። ወደ ፊት ሦስት አራት ሜትር ነድተው ወደ ኋላ ይመልሱት፤ መሪው ቀጥ ይበል፤ የእጅ ፍሬኑን ሳይስቡ በታኮ ያግዱት። ከዚያ የፊቱን ፓራውልት በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁ፤ ሦስት ጊዜ። ኋላውንም እንዲሁ። የባሌስትራ ብረቶች እርስ በርስ ስለሚፋተጉ መኪናው በቆመበት ቁመት «ተይዞ» ሊቀር ይችላል፤ በክሪክ ተነሥቶ የወረደ መኪና ደግሞ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይቆያል። መንዳቱና መጫኑ ይህን ያስለቅቃል።

ትክክለኛውን ለማግኘት ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ አንዴ ተጭነው ከለቀቁ በኋላ፣ አንዴ ደግሞ ፓራውልቱን ወደ ላይ አንሥተው ከለቀቁ በኋላ። የሁለቱ አማካይ ነው እውነተኛው ቁመት።

5. ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው የመኪናው አካል) ጠርዝ ይለኩ። በአራቱም ማዕዘን፣ ቱንቢውን ከፓራፋንጎው ጠርዝ በቸርኬው መሃል ላይ አውርደው፣ ቀጥ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይጻፉ። ከመሬት የማንለካው የጎማው ማለቅና የነፋሱ መጠን ቁጥሩን ስለሚቀይሩት ነው፤ ከቸርኬው መሃል ሲለኩ የሚያገኙት የባሌስትራውንና የፊቱን ሞላ ሥራ ብቻ ነው። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ተጋጭቶ የተጠገነ ፓራፋንጎ ይዋሻል። የቀለም ልዩነት ወይም ስቱኮ ካዩ በዚያ ጎን ከአክስሉ ላይኛ ገጽ እስከ ሻንሲው ሥር ያለውንም ጨምረው ይለኩ።

6. የመኪናውን ዝንባሌ ለብቻ ይለኩ። የፊትና የኋላ ፓራፋንጎ ቅርጻቸው ስለሚለያይ በደረጃ 5 ያገኙትን የፊት ቁጥር ከኋላው ጋር አያወዳድሩ። ለዚህ በሮቹ ሥር ያለውን ቀጥ ያለ ጠርዝ ይጠቀሙ፤ ከፊተኛው ጫፍና ከኋለኛው ጫፍ እስከ መሬት ይለኩ። ልዩነቱ ዝንባሌው ነው።

7. መኪናውን አዙረው እንደገና ይለኩ። በዚያው ቦታ ፊቱ ወደነበረበት ኋላውን አድርገው። ዝቅ ያለው ጎን ከመኪናው ጋር ከዞረ ችግሩ የመኪናው ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ ከቀረ የወለሉ ነው። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ የአንድ ባሌስትራ ዋጋ ያድናል።

8. አሁን ይጫኑትና ይለኩ። ከመኪናው የመጫን አቅም ግማሹን፣ ቀጥሎ ሙሉውን። አቅሙ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፤ ሾፌሩና ተሳፋሪው ከዚያ ይቀነሳሉ። አምስት ሰው ተሳፍሮ አሥር ኩንታል የሚጭን ሰው ባለ አንድ ቶን መኪና ላይ ከ13 ኩንታል በላይ እየጫነ ነው። በፈረሱላ ለምትቆጥሩ፣ አንዱ 17 ኪሎ ነው፤ 59 ፈረሱላ አንድ ቶን ይሞላል።

ጭነቱ የት እንደተቀመጠም ይዩ። ክብደቱ ከኋላው አክስል ፊት ወይም በላዩ መሆን አለበት። 200 ኪሎ ከኋላው አክስል 1 ሜትር ወደ ኋላ ቢቀመጥ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 3.08 ሜትር ገደማ ባለው ሃይሉክስ ላይ ከፊት ጎማዎች 65 ኪሎ ያህል ያነሣል፤ ኋላው ላይ ደግሞ 265 ኪሎ ሆኖ ያርፋል። ስፖንዳው ተከፍቶ ጆንያ ወደ ውጭ ተርፎ ሲጫን የሚሆነው ይህ ነው። «ባሌስትራው ደከመ» የሚባለው አንዳንዴ የአጫጫን ጉዳይ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

9. ግራና ቀኙን ያወዳድሩ። በአንድ አክስል ላይ እስከ 10 ሚሊሜትር ያለ ልዩነት እኔ አልነካውም። ከዚያ በላይ ከሆነ ምክንያቱን ይፈልጉ። መጀመሪያ ሰያፉን ይመልከቱ። የኋላ ግራ ባሌስትራ ሲደክም መኪናው ወደዚያ ጥግ ይወድቅና የፊት ቀኙ ይነሣል። ፊቱን አይተው ፊቱን ከነኩ በሽተኛውን ትተው ጤነኛውን ማከም ይሆናል። ቀላሉ መለያ፦ ኋላውን በክሪክ ልክ መሃሉ ላይ፣ ከዲፈረንሻሉ ሥር አንሥተው ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ከመሬት ይላቀቁ፤ ፊቱን ግን አይንኩ። ፊቱ አሁን ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ ችግሩ ከኋላ ነው። ይህን ሲያደርጉ የፊት ጎማዎች በታኮ ይታገዱ፤ ከሥር አይግቡ።

10. ባሌስትራውን በዓይንና በእጅ ይመርምሩ። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ ስንጥቅ በጭቃ ሥር አይታይም። ተደራርበው የታሰሩትን ብረቶች (እዚህ ቅጠል እላቸዋለሁ) አንድ በአንድ ይዩ። ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት በመሃለኛው ብሎን አጠገብ ወይም ከጫፉ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። አንድ ቅጠል ከሌሎቹ ወደ ጎን ከወጣ ማሰሪያው ላልቷል ወይም መሃለኛው ብሎን ተቆርጧል። በሁለቱ ጫፎች ያለው ቦኮላ፣ ማለትም ብሎኑን ያቀፈው ጎማ፣ ተበልቶ ከሆነ እሱ ብቻውን ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ያደርጋል።

በሙሉ ጭነት ባሌስትራው ወደ ቀጥታ መስመር መቅረቡ ጤናማ ነው። በግልጽ ወደ ተቃራኒው ከጎበጠ፣ ወይም ከአክስሉ በላይ ያለውን የግጭት መከላከያ ጎማ በተፈቀደው ጭነት ሳይንቀሳቀሱ ከነካ፣ አዎ፣ ደክሟል።

አሞርዛተሩን ግን በዚህ አይክሰሱት። አሞርዛተር መወዛወዝን ይገታል እንጂ መኪናውን አይሸከምም። የተቀመጠ መኪና ላይ አዲስ አሞርዛተር ቢገጥሙ የተቀመጠ መኪና ባለ አዲስ አሞርዛተር ይሆናል።

ማስተካከል

11. ኋላ፦ ባሌስትራ መቀየር ወይም ቅጠል መጨመር። ቅጠል የተሰበረ ወይም የተቀመጠ ከሆነ ሁልጊዜ ግራና ቀኙን አብረው ይሥሩ፤ አንዱን ብቻ ካደሱ አዲሱ ጎን ብቻውን ይሸከማል፤ መኪናውም ይዘማል።

ቅጠል መጨመር ለዘወትር ጫኝ ይጠቅማል፤ ለባዶ ነጂ ግን ቅጣት ነው። ባሌስትራው ይበልጥ ስለሚደርቅ ባዶውን በኮረኮንች ላይ ኋላው ይዘላል፤ ጎማው መሬቱን ይለቃል። ቅጠል መጨመር የመጫን አቅምንም አያሳድግም። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ጎማው የነበሩት ናቸው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

ሀ) የፊት ጎማዎችን በታኮ ያግዱ። ኋላውን በሻንሲው አንሥተው በብረት መደገፊያ ላይ ያሳርፉ። አክስሉን በሁለተኛው ክሪክ ይያዙ፤ ካልተያዘ ሙሉ ክብደቱ በፍሬን ቱቦው ላይ ይንጠለጠላል።

ለ) የአሞርዛተሩን የታች ብሎን ይፍቱ። ከሻንሲው ወደ አክስሉ የሚወርድ የፍሬን ቫልቭ ዘንግ ካለ የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርገው ይፍቱት። ምክንያቱን በደረጃ 14 ያገኙታል።

ሐ) የዩ ብሎኖቹን ዳዶዎች ከመፍታትዎ ከሰዓታት በፊት ዘይት ይቀቡ። ከዚያ ተራ በተራ ያላሏቸው። አክስሉን በክሪኩ ቀስ ብለው ዝቅ አድርገው ባሌስትራው ውጥረቱ ሲያልቅ ብቻ የጫፎቹን ብሎኖች ያውጡ።

መ) አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት ከመሃለኛው ብሎን እስከ ሁለቱ ጫፎች ይለኩ። በብዙ ባሌስትራዎች ላይ ብሎኑ ልክ መሃል ላይ አይደለም፤ ገልብጠው ከገጠሙት አክስሉ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሸሻል።

ሠ) የመሃለኛው ብሎን ራስ በአክስሉ መቀመጫ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ መግባቱን በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። ካልገባ አክስሉ ጠምሞ ይታሰራል፤ መኪናው እንደ ውሻ ጎኑን ሰጥቶ ይሄዳል።

ረ) የዩ ብሎኖቹ አዲስ ይሁኑ። አንዴ በሙሉ ኃይል የጠበቀ ብሎን ተስቧል፤ ሁለተኛ ሲያጠብቁት ያንኑ ያህል አይዝም። አራቱን ዳዶ በሰያፍ፣ በትንሽ በትንሹ፣ የአምራቹ መጽሐፍ እስከሚያዘው ልክ ያጥብቁ።

ሰ) የጫፎቹን ብሎኖች አሁን በእጅ መፍቻ ለስለስ አድርገው ብቻ ይያዙ። መኪናው መሬት ወርዶ ጥቂት ሜትር ከተነዳ በኋላ ነው በሙሉ ኃይል የሚጠብቁት። አየር ላይ እያለ ካጠበቁት ቦኮላው በተንጠለጠለበት ሁኔታ ይያዝና መኪናው ሲወርድ ይጠመዘዛል፤ ከፍታው ሐሰተኛ ይሆናል፤ ቦኮላውም በጥቂት ወራት ይቀደዳል። እጄ ላይ ከሚመጡት የተቀደዱ አዳዲስ ቦኮላዎች አብዛኞቹ በዚህ ምክንያት ነው የሞቱት።

12. ፊት፦ ቶርሽን ባር ያላቸው። የመጀመሪያው ትውልድ ዲ-ማክስና ከ2005 በፊት የተሠሩ ብዙ ባለ አራት ጎማ መንጃ ሃይሉክሶች ፊታቸው ላይ ሞላ የላቸውም፤ ከሻንሲው ጎን ወደ ኋላ የሚሄድ የሚጠመዘዝ ረጅም ብረት ነው ያላቸው። ከብረቱ የኋላ ጫፍ ላይ የማስተካከያ ብሎን አለ። ይህ ብሎን የተሠራው መኪናው ሲያረጅ የጠፋውን ከፍታ ለመመለስ ነው።

ብሎኑ የነበረበትን በቀለም ምልክት ያድርጉና የወጣውን ክር ርዝመት ይጻፉ። ፊቱን በሻንሲው አንሥተው ጎማዎቹ ይንጠልጠሉ፤ ክብደት ተሸክሞ እያለ ካዞሩት ክሩ ይላጫል። በአንድ ጊዜ ግማሽ ዙር ብቻ ያዙሩ፤ ያውርዱ፣ ይንዱ፣ ያረጋጉ፣ ይለኩ። ግራና ቀኙ እኩል ዙር ሳይሆን እኩል ቁመት ነው የሚፈለገው።

ብሎኑን ማጥበቅ ብረቱን አያጠነክረውም፤ የሚነሣበትን ቦታ ብቻ ይቀይራል። ፊቱን በ30 ሚሊሜትር ሲያነሡ ጎማው ወደ ጉድጓድ ለመውረድ ከነበረው መንገድ 30 ሚሊሜትር ይወስዱበታል። ከልክ ያለፈው መኪና በእያንዳንዱ ጉድጓድ «ቋ» እያለ የመውረጃውን ማገጃ ይመታል። ወደ ፊት ጎማ የሚሄዱት የማሽከርከሪያ ዘንጎችም አንግላቸው ስለሚበዛ የጎማ ሽፋናቸው ይቀደዳል፤ ጭቃ ይገባል። ከፋብሪካው ቁጥር በላይ መሄድ አልመክርም፤ ከሄዱም ከ25 ሚሊሜትር አይለፉ።

13. ፊት፦ ሞላ ያላቸው። ከ2005 ወዲህ የተሠሩት ሃይሉክሶችና አዳዲሶቹ ዲ-ማክሶች እዚህ ናቸው። የሚዞር ብሎን የለም፤ ሞላው ከደከመ ሁለቱም ይቀየራሉ። ከሞላው በላይ የሚገባ ማንሻ ሳህን ይሸጣል፤ እሱም ከላይ ያልኩትን የመውረጃ መንገድ ይበላል። ሞላውን ከአሞርዛተሩ መለየት ግን በቤት የሚሠራ ሥራ አይደለም። የታመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል። በገመድና በሽቦ የሚያስረው ካዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

ከማስተካከሉ በኋላ፣ በዚያው ቀን

14. የኋላ ፍሬኑን ቫልቭ ይዩ። ብዙ ፒክአፖች ላይ በሻንሲውና በኋላው አክስል መካከል የተዘረጋ ዘንግ ያለው ቫልቭ አለ። ቫልቩ ጭነትን የሚያውቀው በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ነው፦ ርቀቱ ሲሰፋ «ባዶ ነው» ብሎ ጎማው እንዳይቆለፍ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል፤ ሲጠብ «ተጭኗል» ብሎ ይጨምራል። ባሌስትራውን ካነሡት ወይም ካደረቁት መኪናው ቶን ተሸክሞም ቫልቩ ባዶ ይመስለዋል። ያኔ አብዛኛውን ሥራ የፊት ፍሬን ይሸከማል። ይህን ጅማ ከተማ ውስጥ ላያውቁት ይችላሉ። የጊቤን ቁልቁለት ጭነው ሲወርዱ ግን የፊት ፍሬኑ ይግላል፤ ይሸታል፤ ከዚያ ፔዳሉ ይሰጥማል። ዘንጉን እንደ አዲሱ ከፍታ፣ በአምራቹ መጽሐፍ መሠረት ያስተካክሉ። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ የፍሬን ማከፋፈያ ያላቸው መኪኖች ይህ ዘንግ ላይኖራቸው ይችላል።

የኋላውን የፍሬን ቱቦም ይዩ፤ አክስሉ እስከ መጨረሻ ተንጠልጥሎ ቱቦው መወጠር የለበትም።

15. አላይመንት (የጎማዎቹን አንግል ማስተካከል) ያሠሩ። ፊቱ ሲነሣና ሲወርድ የጎማዎቹ አንግል ይቀየራል። ኋላው ብቻ ቢነሣም ፊቱ ይነካል፦ 54 ሚሊሜትር ኋላውን ማንሣት መላውን መኪና በ1 ዲግሪ ወደ ፊት ያዘነብለዋል፤ መሪው በራሱ ወደ ቀጥታ የሚመለስበት ኃይልም ይቀንሳል። ሳያሠሩ የቆዩ ሰዎች ልዩነቱን የሚያዩት የጎማው አንዱ ጠርዝ ከተላጨ በኋላ ነው።

16. የፊት መብራቱን ያስተካክሉ። ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀው ይቁሙ። አጭሩን መብራት አብርተው የመብራቱን አምፖል ከፍታ በግድግዳው ላይ በጠመኔ ያስምሩ። የብርሃኑ የላይኛ ጠርዝ ከመስመሩ 5 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መውደቅ አለበት፤ ማለትም 1 በመቶ። አሁን ሒሳቡን ይዩ፦ ፊቱን 3 ሴንቲሜትር ብቻ ብታነሡት ሃይሉክስ ወደ 1 በመቶ ገደማ ወደ ላይ ያዘነብላል። ያቺው 1 በመቶ አለቀች፤ መብራቱ ቀጥታ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ነው። ዘወትር ጭነው ማታ የሚነዱ ከሆነ ማስተካከሉን ጭነው ይሥሩት፤ ከመሪው አጠገብ የመብራት ማውረጃ ማዞሪያ ካለ ደግሞ ባዶውን አስተካክለው ሲጭኑ በእሱ ያውርዱ።

ተደጋግመው የሚመጡ ስህተቶች

ባሌስትራን በእሳት አግሎ ማጉበጥ ወይም የተሰበረ ቅጠል መበየድ። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬው ከተሰጠው ልዩ ሙቀትና ማቀዝቀዝ ነው የሚመጣው፤ የብየዳ እሳት ያንን ያጠፋዋል። መጀመሪያ ያምራል፤ በጥቂት ጉዞ ተመልሶ ይቀመጣል ወይም ከብየዳው ጎን ይሰበራል።

በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል እንጨት ማስገባት። እንጨት ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅ ዩ ብሎኑ ይላላል። የብረት ማንሻ ቢሆንም አንዱን በሌላው ላይ መደራረብ፣ ወይም ፊተኛው አክስል ላይ መጠቀም ፈጽሞ አይሆንም፤ ፍሬን ሲያዝ አክስሉ ይጠመዘዝና ሊያስለቅቀው ይችላል።

የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘውን የኋላውን ማንጠልጠያ በረጅም መቀየር። ኋላው ይነሣል፤ ነገር ግን አክስሉ ስለሚዞር ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ አንግሉ ይበላሻል፤ በፍጥነት ላይ ከወለሉ ሥር መንቀጥቀጥ ይሰማል፤ ክሮቼራው (የዘንጉ መተጣጠፊያ) ይበላል።

ባዶውን ለክቶ ባዶውን ማስተካከል፣ ከዚያ ጭኖ መሄድ። ይህ ከሁሉም ይበዛል። በዓመት ከጥቅምት እስከ ጥር ቡና የሚጭን መኪና ቁመቱ መመዘን ያለበት በቡናው ጊዜ ነው።

17. ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይመለሱ። ጅማ፣ አጋሮ፣ በደሌ ደርሶ መልስ ሁለት ጊዜ ያህል ነው። ዩ ብሎኖቹን በልካቸው እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ ባሌስትራ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቅጠሎቹ ስለሚገጣጠሙ ጥቂት ይላላል፤ ጥቂትም ይቀመጣል። አራቱን ማዕዘን እንደገና ለክተው ከመጀመሪያው ወረቀት ጎን ይጻፉ፤ ቀኑን፣ የነዳጁን መጠንና የጭነቱን ክብደት ጭምር። ወረቀቱን በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ያቆዩት፤ በሚቀጥለው ጊዜ «ተቀመጠ» ብለው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቅዎት እሱን ነው።